ከመስቀሉ ጋር የታሰረው ፍላሽ

ይህ የሆነው ደባርቅ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ፣ በሰርግ ሰሞን ነው። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ኩራት ኩራት ይለኛል። እኔ ፊደል ስለማልቆጥር የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ማስተዋል ናት፤ ያልኩትን እንዳትዘል መልሳ እንድታነብልኝ አደርጋታለሁ።

ማስተዋል መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበራት፤ ወጣ ስትል የምጠብቅላት እኔ ነበርኩ። ያን ሰሞን የአንዲት የዳባት ሙሽራ የሰርግ ፎቶ በሙሉ ኮምፒውተሯ ውስጥ ብቻ ነበር፤ ካሜራውን ለሌላ ሰርግ አራግፋዋለች። ቀደም ሲል ሌላ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ከሰው ፍላሽ በገባ ቫይረስ የሰርጉ ፎቶ ሁሉ ጠፍቶ፣ ሌላ ሙሽራ ስታለቅስ አይተናል። ሰርግ ደግሞ ይደገም አይባል!

ስለዚህ ማስተዋል፣ "እምዬ፣ እኔ በሌለሁበት ማንም ፍላሽ እንዳይሰካ። መጀመሪያ በአሮጌው ላፕቶፕ ይፈተሻል" ብላኛለች። ገብቶኛል። እኛስ ከገበያ የገዛነውን በግ ደህና መሆኑን ሳናይ ከበጎቻችን መች እንቀላቅላለን?

እሷ ወረቀት ልትገዛ ወጣ እንዳለች የነፍስ አባቴ እያስነጠሱ ገቡ። የመዘምራኑን ፎቶ ሊያሳትሙ ነው። የጎንደር መኪና ሊነሳባቸው ስለሆነ "ፎቶውን እዚህ አስቀርቼ ልሂድ፤ ፍላሹ ጎንደር ይፈለጋል" ብለው ራሳቸው ሊሰኩ ሄዱ።

እኔ ብድግ ብዬ ጋቢዬን ማሽኑ ላይ ጣልኩበት።

"ምነው ወለተ ጊዮርጊስ?"

"ሳይፈተሽ አይገባም፣ አባ።"

"ከመስቀሌ ጋር ባንድ ክር ታስሮ የሚውል ፍላሽ ምን ክፉ ነገር ያገኘዋል?"

"እርስዎስ ከመስቀሉ ጋር እየዋሉ ጉንፋን ይዞዎት የለ!"

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ግን ቅር ብሏቸዋል። የነፍስ አባትን መከልከል ቀላል አይደለም። ቢሆንም አፌ መች ያርፋል፣ "ሳይናዘዙ አይቆረብም የሚሉን እርስዎ አይደሉ? ይሄም ይናዘዝ" አልኳቸው።

መኪናው ጥሩንባውን እየነፋ ሄደ። አባም ማስተዋልን ሊጠብቁ ተቀመጡ። እኔም ጭንቅ ያዘኝ፤ ፍላሹ ንጹሕ ከሆነ ምን ልላቸው ነው?

ማስተዋል መጥታ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሰካችው። ቀይ ጽሑፍ ድርድር አለ።

"እምዬ! ይኼ ቫይረስ ገብቶ ቢሆን የሙሽራዋ ፎቶ አልቆለት ነበር!"

አባ አማተቡ። "ከየት መጣብኝ ልጄ?"

"ከሰኩበት ኮምፒውተር ሁሉ ይዞ ይመጣል፣ አባ" አለቻቸው። ፍላሹን አጽድታ ፎቷቸውን አተመችላቸው። አባም እየሳቁ "የዚህች ቤት ዘበኛ አትደለልም" ብለው ባርከውኝ ሄዱ።

ማስተዋል የዚያኑ ዕለት የሰርጉን ፎቶ ሌላ ዲስክ ላይም ገለበጠችው። ሙሽራዋ ከአማቷ ጋር መጥታ አልበሙን ስትገልጥ አንዲት ፎቶ አልጎደለችም።

አሁንም ዳባት ስሄድ እነ ሙሽራዋ ቤት ጎራ ብዬ አልበሙን አውጡልኝ እላለሁ። ሙሽራዋን ለማየት ይመስላቸዋል። እኔ ግን እያንዳንዷን ፎቶ፣ የወለድኳት ይመስል፣ እያየሁ እኮራለሁ።