ኦቦ ጂራ ከጸሎት የቀሩባቸው እሁዶች

እኔ ዶርቃስ ምላሴ ፈጣን ነው። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ አፍሽ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል» ትለኝ ነበር። ጉድ የሠራው ግን እኔን አይደለም፤ ኦቦ ጂራን ነው።

በ2006 ዓ.ም. ከእጃጂ ከተማ ወጣ ባለች ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ኦቦ ጂራ ደግሞ አገሩ ሁሉ ሊዘራ ሲል ዓይን ዓይናቸውን የሚያያቸው ገበሬ ነበሩ። የግንቦት ዝናብ ሲጥል መሬቱን ስንዝር ያህል ይቆፍሩና አፈሩን ጨበጥ አድርገው ይጨምቁታል። «ገና ነው» ካሉ ዘር የሚያወጣ የለም። እኔ በዲፕሎማዬ ልከራከር ሞክሬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ!

ስለዚህ ድርቅ ይችላል የተባለ አዲስ የበቆሎ ዘር ሲመጣ ሠርቶ ማሳያውን እሳቸው ማሳ ላይ አደረግኩት። አሥር በአሥር ሜትር ናት። እሳቸው ካመኑ ሁሉም ያምናል ብዬ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ። ሦስት ሳምንት ጠብታ አልነበረም። የጎረቤቱ በቆሎ ቅጠሉን ሲጠቀልል የኦቦ ጂራ ሠርቶ ማሳያ ግን ለምለም! እኔማ ፈነደቅኩ።

በዚያው ሰሞን ኦቦ ጂራ እሁድ እሁድ ከጸሎት ቀሩ። ባለቤታቸው ወርቅቱ ብቻዋን ትመጣለች። ሰው «ጂራ በእምነቱ ቀዘቀዘ» ይላል። እኔም አላረፍኩም፤ «ኦቦ ጂራ፣ ጌታን በበቆሎ ለወጡት እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁ። የአህያቸው ጀርባ ተገጥቦ ሳይም ተቆጣሁ፤ ምን ተሸክማ ነው ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

አንድ ሰኞ ቁመቱን ልለካ ሄጄ ጣቴን ከበቆሎው ሥር ሰደድኩ። እርጥብ። ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ሰው የለም። እጄን በቀሚሴ ጠረግኩና ቅጹ ላይ «በዝናብ ብቻ የበቀለ» ብዬ ጻፍኩ። ምን ላድርግ? ሐሙስ ማሳውን ሊጎበኝ አርባ እንግዳ ይመጣል፤ የደረቀ አገዳ ላሳያቸው?

ሐሙስ አንዱ እንግዳ «አባባ፣ ውሃ አላጠጡትም?» ሲል ጠየቀ። ኦቦ ጂራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንግዲህ እንግዳ ይመጣል ሲባል እኛም…» ብለው ሲጀምሩ፣ ምላሴ ይቆረጥና፣ ከአፋቸው ነጠቅኳቸው። «ዝናብ ብቻ ነው!» ተጨበጨበልን።

በዓመቱ ስልሳ አባወራ የአገሩን ዘር ትቶ አዲሱን ዘራ። ዝናብ የጠፋበትን የ2007ን ክረምት ማን ይረሳዋል። በቆሎው ፍሬ ሳይዝ ደረቀ።

ቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። «ዋሽተሽ አስዘራሽን!» እያሉ ጮኹብኝ። ያኔ ኦቦ ጂራ ብድግ አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «በእንግዳ ፊት ላፍር ነው ብዬ፣ ሰው ጸሎት ሲሄድ በአህያ ከወንዝ እየቀዳሁ በጣሳ ከሥር ከሥሩ አጠጣሁት።»

ወሰኑ የሚባለው ጎረቤታቸው «ዶርቃስስ ታውቅ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«አታውቅም።»

እኔ፣ ያ ሁሉ ምላስ ያለኝ ሴት፣ ጭጭ አልኩ።

ያን ዓመት ቀበሌው በእርዳታ ስንዴ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ለመዝራት ኦቦ ጂራን የሚጠብቅ የለም። ልጆች ሳይቀሩ «ውሃ ቀጂው» ይሏቸዋል። እኔ ወደ አምቦ ተዛወርኩ፤ እድገትም አገኘሁ።

ባለፈው ግንቦት ለሥራ በዚያ ሳልፍ ማሳቸው ላይ ብቻቸውን ሲቆፍሩ አየኋቸው። መኪናውን አስቁሜ ወረድኩ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጂራ?» አልኩ። አርጅተዋል። አንጀቴን በሉት። የጨመቁትን አፈር ዘረጉልኝ።

«እስቲ ዳስሺው። እርጥብ ነው?»

«እርስዎ እያሉ እኔ ምን አውቄ?»

«እርጥብ አፈርማ ታውቂያለሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «የዚያን ሰኞ ከጎተራው ጀርባ ሆኜ አይቼሻለሁ።»