አይሸጥም የተባለው ሽምብራ

ሐጂ ሷሊሕ ዕድሜያቸውን የፈጁት ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ባለው የእህል መደብራቸው ነው። ዋጋ ላይ እንደ ችካል ድርቅ ይላሉ እንጂ ገዥ ባዶ እጁን መልሰው አያውቁም። እህል የማይሸጥ እህል ነጋዴ፣ ይላሉ፣ የአይጥ ቀላቢ ነው።

ለአይጡም ቢሆን ድመት አለቻቸው። ማታ ማታ መደብሩ ስለሚቆለፍባት፣ እህሉን እንዳታበላሽ አመድ የተሞላ ሳፋ ተቀምጦላታል። ጨዋ ድመት ናት፤ ከሳፋው ሌላ ቦታ አትጸዳዳም። ሳፋው ለዓመታት ማንንም አስቸግሮ አያውቅም፤ ኡዘይር መዳህ እስኪጀምር ድረስ።

ኡዘይር የሐጂ የልጅ ልጅ ነው። እናቱ ረውዳ አስተማሪ ናት፤ የወሊድ ፈቃዷ ካለቀ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ልጁን መደብሩ አምጥታ ለአባቷ ትታው ትሄዳለች። ሐጂ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ቀኑን የሚያሳልፉት ሚዛን ሲያዩ ነበር። አሁን ቀኑ አጠራቸው። ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ግን እውነት ነው።

አንድ ቀን ረውዳ ስትመጣ ልጇን ሳፋው አጠገብ፣ ከንፈሩ በአመድ ነጥቶ አገኘችው። አልጮኸችም። አፉን ጠርጋ፣ እጁን አጥባ ስታበቃ፣ «አባ፣ ይህን ሳፋ ዳግመኛ ከነካ አይከል ከተማ፣ አማቴ ዘንድ ነው የምወስደው። እዚያ ድመት የለም» አለች።

«ድመት ከሌለ አይጥ አለ» አሉ ሐጂ። ረውዳ አልሳቀችም።

ሐጂ መላ ፍለጋ ገቡ። ሳፋውን ከሚዛኑ ኋላ ደበቁት፤ ኡዘይር ከድመቲቱ ቀድሞ አገኘው። ደጅ አወጡት፤ የሰፈሩ ውሻ ድመቲቱን ጣራ ላይ ሰቀላት። መደርደሪያ ላይ አኖሩት፤ ድመቲቱ ጠቧት ትታው ወረደች። በመጨረሻ ጥግ ላይ ከሰው ቁመት በላይ የተከመረው፣ ከማክሰኝት የመጣው ሽምብራ ታያቸው። ከላይኛው ጆንያ ላይ ላስቲክ አንጥፈው ሳፋውን ጫኑበት። ድመቲቱ ወጣች፣ አሸተተች፣ ተቀመጠች። ኡዘይር ከታች እጁን ዘረጋ፣ አልደረሰም፣ አለቀሰ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ችግሩ፣ ሽምብራ የሚሸጥ ነገር ነው።

ሐረገወይን ሽሮ አስፈጭታ የምትሸጥ የብዙ ዘመን ደንበኛቸው ናት። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል መጣችና «ሐጂ፣ ያንን ሽምብራ ያስጭኑልኝ» አለች። ሐጂ ክምሩን አዩ። ክምሩ ከተነሣ ሳፋው ይወርዳል፤ ሳፋው ከወረደ ኡዘይር አይከል ይገባል። ደግሞም ላስቲክ ይነጠፍ እንጂ፣ እርሳቸው የማይበሉትን ለሰው አይሸጡም።

«አይሸጥም» አሉ።

«ምነው? ተሽጧል?»

«አልተሸጠም። አይሸጥም።»

እውነቱን መናገር አልሆነላቸውም። ሽምብራዬ ላይ የድመት መጸዳጃ አለ ያለ ነጋዴ፣ ከዚያ ወዲያ ጤፉንስ ማን ይገዛዋል? ዝም አይነቅዝም ብለው ዝም አሉ።

አልነቀዘም፤ ዋጋ ግን ጨመረ። ሐረገወይን ለጎረቤት ነጋዴ አወራች፤ ነጋዴው አሰበበት። ሐጂ ሷሊሕን የሚያህል ሰው በጾም ዋዜማ ሽምብራ አልሸጥም ካለ፣ ስለ ዋጋ የሰማው ነገር አለ። እርሱም ሽምብራውን ወደ ጓዳ አስገባ። ሌላውም አስገባ። አንዱ ሁሉን አዋቂ ሽምብራውን ትል በልቶታል ብሎ አስወራ። ሳምንት ሳይሞላ ከገበያው ሽምብራ ጠፋ። ሐጂ በየመንገዱ ሰላምታ በዛላቸው፤ ምክንያቱን አላወቁም።

ሐረገወይን ባዶ ጆንያዋን ይዛ ተመለሰች። በየሱቁ በር ላይ ሰው ጆሮውን ጥሏል።

«እርስዎን እንኳ ሸጋ ሰው ነበር የምል» አለች። «ሰው ሁሉ እርስዎን አይቶ ቆለፈብኝ። ጾሙን ምን ሸጬ ልጆቼን ላብላ?»

ሐጂ አፈሩ። ከዚህ በፊት በንግድ አፍረው አያውቁም፤ እንዴት እንደሚታፈርም አልለመዱም። በርጩማ ላይ ወጡ፣ ሳፋውን በሁለት እጃቸው አውርደው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«የደበቅሁት ይህን ነው» አሉ ጮክ ብለው። «የድመት መጸዳጃ ነው። ልጁ እንዳይደርስበት ሽምብራው ላይ ሰቅዬው ነው። ስለዚህ ልሸጥልሽ አልቻልኩም። ስለ ዋጋ የሰማሁት ነገር የለም።»

ሐረገወይን ሳፋውን አየች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች።

ነጋዴዎቹ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ሽምብራቸውን አንድ በአንድ ወደ ደጅ አወጡ። ዋጋውም ወረደ። ወደ ሐጂ መደብር ግን የዚያን ቀን ሰው አልገባም፤ አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ ክምሩን እያየ ያልፋል።

ከሰዓት ረውዳ መጣች። ወሬውን ባጃጅ ውስጥ ሰምታለች፤ አብሯት የተሳፈረው ሰው የማን ልጅ እንደሆነች ስላላወቀ ምንም ሳያስቀር ነው ያወራው። ኡዘይር ባዶ ጆንያ ላይ ተኝቷል። አባቷ የልጁን ልብስ አጣጥፈው ቦርሳው ውስጥ ከተዋል።

«ሳፋው ክምሩ ላይ ተመልሷል» አሉ ሐጂ ቶሎ ብለው፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው። «ያንን ሽምብራ ከእንግዲህ ማንም አይገዛውም። አይነሣም ማለት ነው። ልጁ አይደርስበትም።»

ረውዳ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ቦርሳውን ከፍታ የልጁን ልብስ አንድ በአንድ አወጣች።

«አይከል ደውዬ አትጠብቁን እላቸዋለሁ» አለች።

ሐጂ አመዱን ልቀይር ብለው በርጩማው ላይ ወጡ፤ እዚያው ላይ፣ ሳፋውን እንደያዙ፣ አለቀሱ።