ይበቃናል ያሉ ዕለት

ቃሉን የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ሰሞኑን ሬዲዮ ላይ ዝቅተኛው ደመወዝ ለኑሮ መብቃት አለበት ወይስ የለበትም እያሉ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው። አንዱ ስለ ገበያ ይተነትናል፣ ሌላው ስለ ምርታማነት። ሁለቱም በልተው እንደ መጡ ከድምፃቸው ያስታውቃል። ባለፈው እሑድ ክርክሩ ሳያልቅ ድርግም አድርጌ አጠፋሁትና ልጄ «እማዬ፣ ሰዎቹ ምን አደረጉሽ?» አለችኝ። እነሱማ ምንም አላደረጉኝም። የሚያንገበግበኝ እኔ ያደረግኩት ነው።

በደርግ ዘመን ላሊበላ ውስጥ የአንድ የመንግሥት ሆቴል ጸሐፊ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ፊደሉን እቤት ነው የጨረስኩት፤ የእጅ ጽሑፌም ያምር ነበር። በዚህ የተነሳ የጽሕፈት መኪናውም፣ የሠራተኛ ማኅበራችን ቃለ ጉባኤም በእኔ እጅ ወደቁ። ሆቴላችን ያን ጊዜ ከስሙ በቀር ሆቴል አይባልም። ቱሪስት ከጠፋ ቆይቷል፤ የሚያርፉብን ለስብሰባ የሚመጡ ሹማምንት ነበሩ፣ ድርቁ ከጠና ወዲህ ደግሞ የእርዳታ ሰዎች። ከአጥሩ ውጭ በየመንገዱ ዳር ከገጠር የመጣ ሰው ነጠላውን ተከናንቦ ይቀመጥ ነበር። ብዙው አይለምንም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

የሆቴሉን አንሶላ የሚያጥቡት አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። የገነተ ማርያም አካባቢ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ ከተማ ገብተው አጣቢ ሆኑ። ከኩሽናው ጀርባ ባለው ገንዳ አጠገብ ተንበርክከው ሲያሹ ይውላሉ፤ አፋቸውም ሥራ አይፈታም። «ይኼ የትናንቱ ሹም ሕልሙ ክፉ ነው፤ አንሶላውን ገመድ አድርጎታል» ይላሉ። ወይም «ይኼኛው ደሞ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የተኛ፤ የሚሸሸው ነገር አለው መሰለኝ»። ሳሙና የሚሰጣቸው በቁራጭ ነው። ሲያልቅባቸው ጨምሩልኝ አይሉም፤ ከተራራው ሥር እንዶድ ለቅመው ይመጡና ወቅጠው ያጥቡበታል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያይ «ቆጣቢ ሴት ናቸው» ይል ነበር።

ደመወዛቸው ሃምሳ ብር ነበር። መንግሥት ከዚህ በታች እንዳይከፈል ብሎ የቆረጠው ነው፤ ሲቆረጥ ትልቅ ነገር እንደነበር አልክድም። ድሮ በጥቂት እህልና በአሮጌ ልብስ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ወር ጠብቀው ብር ሲቀበሉ ያለቀሱ አሉ። ግን ደመወዙ እዚያው ቆሞ ቀረ፣ ገበያው ጥሎት ሄደ። ዝናቡ ሁለት ዓመት አከታትሎ ሲከዳን ቅዳሜ ገበያ የሚወጣው ገብስ እየሳሳ፣ የሚጠየቅበት ብር እየበዛ መጣ። ወር ያደርስ የነበረ ደመወዝ አሥራ አምስት ቀን አልገፋ አለ። በዚህ ላይ የእትዬ ልጅ በወሊድ ሞተችና ሁለት ሴት ልጆቿ እሳቸው ላይ ወደቁ። አባታቸው እህል ፍለጋ ቆላ ወርዶ አልተመለሰም።

አንድ ጊዜ ደፍሬ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታመመ ሠራተኛ ቤት ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

«ደመወዙ የተሰላው ለአንድ ሰው ነው» አለኝ፣ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ። «የልጅ ልጅ ሰብስቡ ያላቸው የለም።»

«እና ልጆቹን የት ይጣሏቸው?»

«እሱ የደመወዝ ጥያቄ አይደለም።»

ሬዲዮ ላይ የሰማሁትም ይኸንኑ ነው፣ ቃሉ ብቻ ነው የዘመነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጉልበቱን ከጧት እስከ ማታ ሙሉውን የወሰዱበትን ሰው ግማሽ ቀን ብቻ የሚያበሉት በምን ሒሳብ ነው? ደግሞስ ልጆች አፍ አፉን እያዩት ለብቻው በልቶ የሚያድር ሰው በየትኛው አገር ነው ያለው? ያን ዕለት ግን ይህን ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ አላልኩትም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

ልጆቹን በሕይወት ያቆያቸው የቀበሌው የእርዳታ ስንዴ ነበር። ደመወዙና ስንዴው ተደጋግፈው ሦስት ሰው ያሳድሩ ነበር። ኋላ ላይ ደመወዝተኛ የተባለ ሁሉ ከእርዳታ መዝገብ ይሰረዝ ተባለ። ማኅበራችን እትዬን ሳይሰርዙ እንዲተዉልን ለቀበሌው አመለከተ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አዳምጦን ሲያበቃ «ደመወዙ የማያበላ ከሆነ ራሳቸው በስብሰባችሁ ተነስተው ይናገሩ። በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይምጣልኝ፣ አልሰርዛቸውም» አለ። ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም። እትዬ በሚመጣው ሰኞ ተነስተው «አይበቃኝም» ካሉ፣ እኔም ከጻፍኩት፣ ልጆቹ ስንዴያቸውን ያገኛሉ።

ዓርብ ከሰዓት ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ሰኞ ሲጠይቁዎት አይበቃኝም ይበሉ። ይችን ብቻ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

«አዬ ልጄ!» አሉና ጨምቀው የጨረሱትን አንሶላ እንደገና ይጨምቁት ጀመር። «የበላሁበትን ቤት ላማ?»

«ልጆቹ እየተራቡ እኮ ነው።»

«መራቡንስ ተርበናል። አደባባይ ማውጣቱ ነው የቸገረኝ።»

ያደግኩበት ነውና ገባኝ። እኛ ዘንድ ሰው እንዴት ነህ ሲባል፣ ጓዳው ባዶ ቢሆንም፣ መልሱ ተመስገን ነው። ጎደለኝ ማለት ፈጣሪን መክሰስ ነው፤ የጠየቀህንም ሰው ማሳፈር ነው። እናቴ በሞቷ ዋዜማ እንኳ ጠያቂ ሲመጣ ቀና ብላ «ዛሬ ተሽሎኛል» ትል ነበር። ያም ሆኖ እትዬ በስተመጨረሻ ስለ ልጆቹ ብለው እሺ አሉኝ። ቃሉን እያጠቡ ሲለማመዱት በመስኮት እሰማቸው ነበር። ለገንዳው ጥሩ አድርገው ይናገሩታል።

ሰኞ በመመገቢያ አዳራሹ ተሰበሰብን። ያልጠበቅነው ነገር፣ ከአውራጃው አንድ ካድሬ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ቁጣ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ሰውየው እትዬ ስማቸው ተጠርቶ ሲነሱ ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እናቴ፣ እርስዎ ቆመው አይናገሩም» አለና የራሱን ወንበር አስጠጋላቸው።

በዕድሜያቸው ሹም ተነስቶላቸው አያውቅም። ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«ኑሮ እንዴት ነው እናቴ? አብዮቱ ያስገኘልዎት ደመወዝ ይበቃዎታል?»

እትዬ አዩኝ። እኔም አየኋቸው፤ በዓይኔ «አይበቃኝም ይበሉ» አልኳቸው።

«ኧረ ተመስገን ጌታዬ» አሉ። «ይበቃናል። ምን ጎድሎብን፤ ብቻ እናንተን ያቁምልን።»

«ጌታዬ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ አይወደድምና አንድ ሁለት ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። ካድሬው ግን ፈገግ ብሎ አጨበጨበ፣ እኛም አጨበጨብን። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም የላስታ ሰዎች ነን። ያ የተባለው ሰላምታ እንጂ ምስክርነት እንዳልሆነ የማያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ካድሬውም የሩቅ ሰው አይደለም፤ የወሎ ልጅ መሆኑ ካነጋገሩ ያስታውቃል። ቶሎ ብሎ ወደ እኔ ዞረና «ጓድ ጸሐፊ፣ ይጻፍ» አለ።

ተነስቼ «እትዬ ይህን ያሉት በይሉኝታ ነው፣ እንደገና ይጠየቁ» ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። በዚያ ዘመን ሰው አንድ ቃል ተናግሮ ደብዛው ይጠፋ ነበር፤ ይህንኑ እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ። እውነቱን ካወራን ግን ያን ዕለት ማንም አላስፈራራኝም። «ደመወዙ እንደሚበቃቸው ሠራተኛዋ በራሳቸው አንደበት ገልጸዋል» ብዬ በዚያ በሚያምር ጽሑፌ ጻፍኩ። «በራሳቸው አንደበት» የሚለውን ጻፊ ያለኝ የለም። ከራሴ ነው የጨመርኩት።

ስንወጣ በሩ ላይ እጄን ያዙኝ።

«አበላሸሁት አይደል?» አሉኝ። «ብድግ ሲልልኝ ጊዜ አፈርኩ። እንዲያ አክብሮኝ እንዴት ብዬ ፊቱ ላይ?»

«ምንም አይደል እትዬ፣ እናስተካክለዋለን» አልኳቸው።

አላስተካከልኩም። ቃለ ጉባኤው በሳምንቱ ቀበሌ ደረሰና ስማቸው ተሰረዘ። ሊቀ መንበሩ ዘንድ ብሄድ ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። «እኔ ምን ላርግ? በራሳቸው አንደበት ይላል እኮ» አለኝ። ጽሑፌን ከሩቅ አወቅኩት።

ከዚያ ወዲህ ከኩሽናው ጀርባ ቀልድ ጠፋ። እትዬ አንሶላ ሲያሰጡ እየቆሙ ገመዱን ይዘው ይተነፍሳሉ። በምሳ ሰዓት ለሠራተኛ የሚሰጠውን ዳቦ በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። አንድ ቀን «ለምን አይበሉም?» ብላቸው «አልራበኝም፤ ቆየት ብዬ እበላዋለሁ» አሉኝ። ያ ዳቦ ለልጆቹ እንደሆነ፣ ለእሳቸው ምንም እንደማይተርፍ አውቃለሁ። ከእኔ ዳቦ ቆርሼ የሰጠኋቸው ሁለት ወይ ሦስት ቀን ቢሆን ነው። ሰው ሲራብ ማየት ይሰለቻል፤ ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ሰለቸኝ። ኩሽናውን ላለማለፍ በሌላ በር እወጣ ጀመር።

ኅዳር ውስጥ ቢሮዬ መጥተው ቆሙ። «የመልቀቂያ ወረቀት ጻፊልኝ» አሉ።

«ሥራ ትተው ምን ሊበሉ ነው እትዬ?»

«ሥራ እያለኝ ስንዴ አይሰጡኝ። ባዶዬን ከሆንኩ እንደ ሰዉ ይሰጡኝ ይሆናል።»

ደመወዙ ሊያኖራቸው ቀርቶ የሚያኖራቸውን ነገር የሚከለክላቸው እሱ ሆኖ ነበር። የሚሠራ ሰው ለመብላት ሥራውን መጣል አለበት ማለት ነው። ወረቀቱን በጽሕፈት መኪና ጻፍኩላቸውና አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳቸው። አሻራው አልወጣ አለ። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ጣቱን ውሃውና እንዶዱ በልቶት ልሙጥ ሆኗል። ወረቀቱ ላይ የቀረው ጥቁር ነጠብጣብ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ተቀበለው።

ቀበሌው ግን የእርዳታ መዝገብ ለአዲስ ሰው ተዘግቷል አላቸው። ክፍት የነበረው የሰፈራ መዝገብ ብቻ ነው። የተመዘገበ ቤተሰብ ወደማያውቀው ቆላ አገር ይወሰዳል፤ እዚያ መሬትና ራሽን አለ ይባል ነበር። እትዬ ሁለቱን ልጆች ይዘው ተመዘገቡ።

መኪኖቹ የተነሱት ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ጧት ነው። ልሰናበታቸው ሮጬ ደረስኩ። ትንሿን አዝለዋል፣ ትልቋን በእጃቸው ይዘዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ግማሽ ሳሙና አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት።

«የሆቴሉ ነው፤ ተርፎኝ ነው» አሉ። «ኋላ አንቺን እንዳይጠይቁሽ።»

አለቀስኩ። እኔ ለመንገድ አንዲት ዳቦ እንኳ አልያዝኩላቸውም፤ ትዝም አላለኝ። «እንዴት ነዎት እትዬ?» አልኳቸው።

«ተመስገን ልጄ» አሉኝ። «ደህና ነን።»

«ርቦኛል» አለች ትልቋ ልጅ። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፊት ለፊቴ ቆማ፣ እኔን እያየች፣ ጮክ ብላ ነው ያለችው።

እትዬ ደንግጠው አፏን በነጠላቸው ሸፈኑት። «ዝም በይ፣ በሰው ፊት!» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጅ ናት፣ አትቀየሚያት» አሉኝ።

ወደ መኪናው ሲያወጧቸው አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሦስቱም ምንም ሰምቼ አላውቅም። ሳሙናውን ይዤ ወደ ሆቴሉ ተመለስኩና ለንብረት ክፍል አስረክቤ ፈረምኩ። ሰዓቱም ሲደርስ ምሳዬን በላሁ።