በምርቃና የገዛሁት ሌንስ

የድሬዳዋ አቧራ ሌንሴን በላው። ማጋነን እወዳለሁ፤ ይሄኛው ግን እውነት ነው። ቀለበቱን ሳዞረው እንደ ወፍጮ ይንጫጫል፣ ግማሽ መንገድ ይሄድና እንደ ኩርፈኛ አማት ቆሞ ይቀራል። ሃያ ዓመት ለጋዜጣና ለመጽሔት ፎቶ ያነሳሁበት ብቸኛ ሌንሴ ነበር። የሞተውም ሥራ በመጣ ሳምንት ነው።

ሥራው ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ መጽሔት ነው የመጣው። የመጽሔቱ አዘጋጅ በዕድሜ ልጄ ናት፤ ስትደውል ግን የምርበተበተው እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ የቀፊራ ገበያን ነጋዴ ሴቶች እፈልጋለሁ። ፊታቸውም፣ እጃቸውም፣ ገበያውም አንድ ላይ ይታየኝ። እስከ ሐሙስ ካደረሱልኝ የምሥራቁን ሥራ በቋሚነት ለእርስዎ ነው የምሰጠው። ካልሆነ ግን ከዚህ ሰው እልካለሁ።»

ዕለቱ ሰኞ ነበር። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ቋሚ የሚባል ነገር ቢኖረኝ የወገብ ሕመም ብቻ ነው።

ያለኝ ብር አንድ ሌንስ ይገዛል፤ እሱም አሮጌ። ከጅቡቲ የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሱማሌ ወዳጅ አለኝ። እሱ ዘንድ ሁለት ሌንስ ነበር፣ ዋጋቸው እኩል። አንዷ ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር የሚሏት፣ ሽንኩርት የምታህል፣ ጠጋ ብለህ ሰውንም አካባቢውንም የምታነሳባት። ሌላው ሁለት መቶ፣ ክንድ የሚያህል፣ የሩቁን ጎትቶ አፍንጫህ ሥር የሚያመጣ።

ሚስቴ ስወጣ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ «ከምሳ በፊት ግዛ።»

እዚህ የኖረ ሰው ይህ ይገባዋል። ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሱቆቹን ይዘጋል፣ ሰዉም ጫት ሊቅም በርጫ ላይ ይቀመጣል። ጫቱ ሲሠራ ምርቃና ይመጣል፤ በምርቃና ሰዓት የማይቻል ነገር የለም። እኔ ባለሁበት ስንት ፎቅ ተሠርቷል፣ እስከ ሐርላ ድረስ ወንዝ ተጠልፏል። ሲመሽ ፎቁም የለም፣ ወንዙም የለም።

እኔ ዘገየሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ስደርስ ወዳጄ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይቀነጥሳል።

«አቦ ተቀመጥ! ዕቃ በቁም አይታይም።»

ተቀመጥኩ፣ ቃምኩ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መረመርኩ። በስልኬ መብራት ውስጡን አየሁ፤ ሻጋታ የለም። ብሎኖቹን ቆጠርኩ። ቀለበቱን ሺህ ጊዜ አዞርኩ። ሐኪም ለበሽተኛው ያን ያህል ቢጨነቅ መቃብር ቆፋሪ ሥራ ይፈታ ነበር። ያልጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ይዤ ቀፊራ ውስጥ የት እቆማለሁ?

በረዥሙ ሌንስ ወደ ውጭ ሳይ ማዶ ጣሪያ ላይ የተኛች ድመት ጢሟ ተቆጠረልኝ።

«ወላሂ፣ ይሄ ጅቡቲ የቆመውን መርከብ ከዚህ ያነሳልሃል» አለኝ።

እኔም መርከቡን አየሁት፤ የካፒቴኑን የሸሚዝ ቁልፍ ጭምር። ትንሿን ወደ ጎን ገፋሁና ለረዥሙ ከፈልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ቀፊራ ገብቼ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ላይ ሳነጣጥር የታየኝ የግራ ቅንድቧ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ቅንድቧና አፍንጫዋ። አሁንም ወደ ኋላ፤ ባጃጅ ጡሩምባ ነፋብኝ። አሁንም፤ በመካከላችን ሦስት ጋሪና የድሬዳዋ ሕዝብ በሙሉ ገባ። የመጨረሻዋ እርምጃ የቲማቲም ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታነሳኝ ነው ወይስ ልትሸሸኝ?» አለች ሽንኩርት ሻጯ ከማዶ።

«ገበያው ጠቦኝ ነው፣ እህቴ!»

«ገበያውስ አልጠበበም፤ መድፍህ ነው የረዘመው!»

የቲማቲሟ ባለቤት አልሳቀችም። የፈረጠውን ሁሉ ገዛሁ፤ ቤታችን ሳምንቱን በሱጎ ከረመ።

ሱሪዬን ሳልጠርግ ወደ ወዳጄ ሱቅ ሄድኩ። ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ቆሟል፤ የትናንቱ ሰው አይመስልም።

«በትንሿ ለውጥልኝ።»

«ጠዋት ዕቃ አልመልስም።»

«ለምን?»

«ጠዋት ልቤ ደረቅ ነው አቦ። ከሰዓት ና፣ ያኔ ሰው እሆናለሁ።»

ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶኝ ጥላ ሥር ተቀምጬ የሰው ጫት እስኪሠራ ጠበቅሁ። ከሰዓት እሱ ሲቅም እኔ ውሃ ብቻ ጠጣሁ፤ ከዚያ የሚያደክም ሥራ አላውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ስለ ወዳጅነት ብዙ አወራና ትንሿን ሌንስ ከአንድ የባትሪ ቻርጀር ጋር እጄ ላይ አኖረ። ምርቃናው ሳይወርድ በሩጫ ወጣሁ።

ረቡዕ ማለዳ ሽንኩርት ሻጯ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«ዛሬ ደግሞ ጉልበቴ ላይ ልትቀመጥ ነው?»

«ሌንሷ ናት እንዲህ የምትፈልገው።»

«እንዲህ ከተጠጋህማ ያዝ!» ብላ የጆንያውን አፍ አስያዘችኝ።

በአንድ እጄ ጆንያ፣ በሌላው ካሜራ ይዤ አራት ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። እሷ ሽንኩርቱን እየገለበጠች ጎረቤቷን ስትሳደብ አነሳኋት፤ እጇም፣ ሳቋም፣ ከኋላዋ የሚተራመሱት ጋሪዎችም ገቡ። ስነሳ ጉልበቴ ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮኸ።

ሐሙስ ፎቶዎቹን አልጋ ላይ ተጋድሜ ላክሁ፤ መልሱንም ተጋድሜ አነበብኩት። «ጋሼ፣ የፈለግሁት ይሄንን ነው። ሥራው የእርስዎ ነው። ለሰኞ ደግሞ የሁርሶን ገበያ፣ እንዲሁ ከቅርብ።»

«ሥራው ተገኘ» አልኳት ሚስቴን።

«ታዲያ ምነው እንደ ሐዘንተኛ ተዘረጋህ?»

አዘጋጇ እምቢ ብትለኝ ኖሮ ሐዘኑን አሳብቤ አንድ ሳምንት ወገቤን አሳርፍ ነበር፤ አሁን ግን ሰኞም ቁጢጥ ማለት ነው። የሰኞውን የመነሻ ሰዓት ስልኬ ላይ ሞላሁና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።