የወይዘሮ ኦርፋ በቅሎ ስትሰረቅ

በአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት፣ ሚል ፎርክ በምትባል ትንሽ ከተማ ወይዘሮ ኦርፋ ታኬትን የማያውቅ ቢገኝ ትናንት የተወለደ ሕፃን ብቻ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የከተማዋ ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ምልክት የሆነችውን በቅሎ፣ ቢዩላን፣ የሚያሳድሯት እሳቸው ናቸው። ቡድኑ ራሱ ስሙ «በቅሎዎቹ» ነው። ልጆቹ ሞላላዋን ኳስ ይዘው የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ባለፉ ቁጥር ወይዘሮ ኦርፋ ቢዩላን እየሳቡ ሜዳውን አንድ ዙር ያዞሯታል። ያን መኸር ግን የሚያዞራት ነጥብ ጠፍቶ እንደ በርሜል ወፈረች። ቡድኑ ከመስከረም ጀምሮ የገጠመው ሁሉ እያሸነፈው ኅዳር ደርሶ ነበር።

«አሰልጣኝ፣ ቅዳሜ ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ይላሉ ወይዘሮ ኦርፋ ቁርስ ቤት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አዲሱ መለያችን እንዴት እንዳማረ አላዩም?» ይላል አሰልጣኝ ሄስ ፓንኬኩን እያየ።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች አሉ! ይልቅ ቢዩላን አሰልፋት። እሷ ቢያንስ አፏ የገባውን አትጥልም።»

የመጨረሻው ግጥሚያ ከወንዝ ማዶ ባላንጣ፣ ከደንሞር ኮሌጅ ጋር ነበር። ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ኦርፋ ጋጣ ቢገቡ ቢዩላ የለችም፤ በሩ ላይ የደንሞር ሰማያዊ ሻርፕ ታስሯል። ከተማው ታመሰ። ተጫዋቾቹ መኪና አስነስተው ሊሄዱ ሲሉ ሴትየዋ መንገዱ መሃል ቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«ልናስመልሳት ነዋ፣ እማማ!»

«ሂዱና ልምምዳችሁን ሥሩ። ቢዩላን የሰረቀ ቅጣቱንም አብሮ ነው የወሰደው።»

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ቢዩላ ብቻዋን ካደረች ሰፈር እስኪነሳ ታናፋለች። ወይዘሮ ኦርፋ ቤት ዝም የምትለው አንዲት አሮጊት ፍየል አጠገቧ ስለምትተኛ ነው።

አርብ ጠዋት ስልክ ጮኸ።

«እማማ ኦርፋ ነዎት? ክሊተስ እባላለሁ። ከ... ከወንዝ ማዶ።»

«አምና የእኛን ልጆች እንደ ሣር ያጨድካቸው ግዙፉ ልጅ?»

«አዎ፣ ይቅርታ። በቅሎዋ ከማደሪያችን ጀርባ መጋዘን ውስጥ ናት። ዓይናችን አልተከደነም። ምን ብናደርጋት ዝም ትላለች?»

ወይዘሮ ኦርፋ ስለ ፍየሏ ሊነግሩት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ሰይጣን ጎሸም አደረጋቸው።

«መዝሙር ነው የምትወደው፣ ልጄ» አሉ ማር በሆነ ድምፅ። «አንድ ሰው ከዘመረላት ግን ትቆጣለች። ቡድኑ በሙሉ ከበብ አድርጓት፤ ድምፃችሁን ሳትቆጥቡ፣ እስኪነጋ።»

«እስኪነጋ?»

«እግዜር ያበርታችሁ።»

ስልኩን ዘግተው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ቅዳሜ ደንሞሮች ቢዩላን በጭነት መኪና ጭነው መጡ። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል፤ ጉሮሯቸው ተዘግቷል። መሪ ተጫዋቻቸው ትእዛዝ ሊጮህ አፉን ሲከፍት የተነፈሰ ጎማ ድምፅ ይወጣል፤ ግማሾቹ ወደ ግራ፣ ግማሾቹ ወደ ቀኝ ይሮጣሉ። በዚህ መሃል ኳሷ አመለጠቻቸው። አንዱ የሚል ፎርክ ልጅ አፈፍ አድርጎ መስመሩን አለፈ። በዚያችው ነጥብ አሸነፉ፤ የዓመቱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ድላቸው ሆነ።

ሕዝቡ አበደ። ወይዘሮ ኦርፋ በኩራት ልጓሙን ቢስቡ ግን ቢዩላ ንቅንቅ አልል አለች። ጆሮዋን ወደ ደንሞሮች ቀስራለች። ክሊተስ አፍሮ ቀረበና በዚያ በተዘጋ ጉሮሮው ሁለት ስንኝ አንጎራጎረ። በቅሎዋ እንደ ሙሽራ ተከተለችው፤ ሜዳውን በጠላት ተጫዋች ተመርታ ዞረች።

«እውነትዎን ነበር፣ እማማ» አለ ልጁ። «መጀመሪያ ስንዘምር ባሰባት። ንጋት ላይ ግን ወዳው ቁጭ! ስናቆም ነው የምታናፋው።»

ወይዘሮ ኦርፋ ልጓሙን ከእጁ መንጨቅ አድርገው ተቀበሉት።

ከዚያ ወዲያ ፍየሏም አላዋጣችም። ቢዩላ መዝሙር ካልሰማች አትተኛም፤ ወይዘሮ ኦርፋ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ድምፃቸውን ሰምተው በጨዋ ደንብ ያሰናበቷቸው ሴት ናቸው። ጎረቤት ጥቂት ታግሶ፣ «እባክዎ፣ ከእርስዎስ እሷው ታናፋ!» ብሎ ለመነ። ቢጨንቃቸው ለክሊተስ ደወሉ።

መጣ። የፖም ኬካቸውን አጋምሶ፣ ጋጣው ደጃፍ ተቀምጦ ሲዘምር ቢዩላ ዓይኗን ጨፈነች። ሴትየዋም ጥግ ቆመው ሰሙት።

«ድምፅህስ ሸጋ ነው» አሉት በመጨረሻ። «የሚያስጠላው ማልያህ ነው።»