ደጀን ላይ የተቀመጥነው ለቅሶ

ልጆቻችን ከቤት ከወጡ በኋላ ባለቤቴን ቤት መቀመጥ አቃተው። ሴቷን ለደጀን ሰው ዳርናት። ታናሽ ወንድሟ፣ ጣልያን አገሩን እንደያዘ፣ የአባቱን ጠመንጃ አንግቶ ዱር ገባ። ቁይ አጠገብ ካለችው ቤታችን ውስጥ እኛ ሁለታችን፣ አንዲት በቅሎና ጥቂት በጎች ቀረን። እኔ ሥራ አላጣሁም፤ እሱ ግን ይቁነጠነጣል፣ ያፏጫል፣ ደጅ ወጥቶ ይመለሳል። ዘፈን ሲወድ ደግሞ ለጉድ ነው። ማሲንቆ የሰማ እንደሆነ የያዘውን ሞፈር ጥሎ የሚሄድ ሰው ነው። ልጆች ያዙት እንጂ አገር ላገር ሲዞር ይኖር ነበር።

አንድ ቀን በበዓለ ሃምሳ፣ "ተነሽ፣ እንውጣ" አለኝ። ደብረ ማርቆስ ሄደን የቅዱስ ማርቆስን በዓል እናክብር፣ ጥሩ ጥሩ እንብላ፣ አዝማሪ እንስማ፣ ከዚያ በደጀን በኩል ዞረን ልጃችንን አይተን እንመለስ ነው የሚለው። ልጅ ማሳደጉን ጨረስን፣ ከእንግዲህ ማንን ነው የምንጠብቅ አለ። እኔ በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ለብቻችን ስንሆን አንተ ነው፤ ስናደድ ደግሞ አንተ ሰውዬ። "አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ዱር መሆኑን ረሳኸው?" አልኩት።

በዚያን ጊዜ ልጁ ዱር የገባበት ሰው ቤቱ ይቃጠላል፣ ከብቱ ይነዳል፣ እሱም ታስሮ ልጅህን አምጣ ይባላል። ልጅ ደግሞ አባቱ መታሰሩን እየሰማ ዱር አይቀመጥም፤ ይመጣል፤ ይሰቀላል። ስለዚህ ለአገሩ ሁሉ ልጃችን ለንግድ ወጥቷል ብለን ነበር። ጭቃ ሹሙ ባየኝ ቁጥር ፈገግ ብሎ፣ ልጅሽ እስካሁን አልመጣም ወይ ይለኛል። ፈገግታውን ልቤ አልወደደውም። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላምንም። ጎረቤቴ እሳት ልትጭር ስትመጣ እንኳ እሳቱን ትቼ ዓይኗን ነው የማየው። ለመንገዱም እሺ ያልኩት ከፍርሃቴ የተነሳ ነው፤ ከዓመት በዓል የቀረ ሰው ምን ደብቆ ነው እንዳይባል ብዬ። ልጄም ናፍቃኛለች፣ ለምን እዋሻለሁ።

በቅሎዋን እየተቀባበልን ሄድን። እሱ በበቅሎም ሆነ በእግሩ ያንጎራጉራል፤ መንገዱ ለሠርግ የሚሄድበት ነው የሚመስለው። የሚያገኘን ሁሉ ይጠይቀናል። ያገራችን ደንብ ነው፤ ከወዴት መጣችሁ፣ ወዴት ናችሁ፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው ሳይባባል ሰው አይተላለፍም። ደህናው ዘመን ሳለ ይህ ጥየቃ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ለምን ጠየቀኝ ማለት ጀመርኩ። ጥላ የያዙ አንድ ቄስ፣ ልጆች ደህና ናቸው ወይ ቢሉኝ፣ የለኝም አልኳቸው። አዝነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል ብለው፣ ባርከውኝ አለፉ። ባለቤቴ ከት ብሎ ሳቀ። ሁለት ልጅ ወልጄ መካን አደረግሽኝ አለ። ሳቁ ለምን እንዲያ እንዳናደደኝ አላውቅም፤ እስክንደርስ አላናገርኩትም።

ደብረ ማርቆስ ከድሮዋ ሌላ ሆና ቆየችን። ካሚዮኑ ይጮሃል፣ የጣልያን ወታደሩ፣ ሶላቶው፣ ይርመሰመሳል፣ ከሶላቶው ጋር የሚሳሳቀው ያገራችን ሰውም ብዙ ነው። ተሳልመን፣ ታቦቱን አጅበን ስናበቃ ባለቤቴ እጄን ይዞ አንድ ምግብ ቤት አስገባኝ። መኮሮኒ የሚሉትን ልንቀምስ ነው። ሳህኑ ሲመጣ ነጭ፣ ቀዳዳ ያለው፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር፤ ወስፋት ነው የመሰለኝ። የአሳማ ስብ ገብቶበት ይሆናል ብዬ አሳላፊዋን ጠየቅኳት። የለበትም አለች፤ ግን ይህን ስትል ወደ ሌላ እያየች ነው። አልበላሁም። እሱ አማትቦ ጀመረ፤ በሹካ ቢያቅተው በእጁ ጨረሰው፤ የእኔንም ጨመረው። እንጀራ ቢኖረው ደህና ወጥ ይወጣው ነበር አለኝ ከንፈሩን እየጠረገ። ከዚያ በኋላ አሁን ሊያመው ነው፣ አሁን ሊያመው ነው እያልኩ ፊቱን ስጠብቅ ዋልኩ። ምንም አልሆነም።

ቀጥሎ ጠጅ ቤት ገባን። ገና ቀን ነው፤ ፀሐይ በበሩ ትገባለች፤ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጠጁ ጥሩ ነበር፣ ያንን አልክድም፤ ጥብሱንም በልቼ ጣቴን ልሻለሁ። አዝማሪው ቀጭን፣ ዓይኑ የማያርፍ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን አንጀት ይበላል። የአዝማሪ ሥራው የታወቀ ነው። እየዞረ ስምዎ ማን ነው፣ አገርዎ ወዴት ነው፣ የማን ልጅ ነዎት፣ ማንን ወልደዋል ይላል፤ የነገሩትን ይዞ ግጥም ይሠራል፤ የተወደሰውም ደስ ብሎት ይሸልመዋል። ሳይጠይቅ መዝፈን አይችልም። እኔ ግን እሱ በጠየቀ ቁጥር ዓይኔ ጥግ ወደተቀመጠ ኮት ለባሽ ሰው ይሄድብኛል። የጣልያን አስተርጓሚ መሆኑን ከጎኔ ያለችው ሴት ሹክ ብላኛለች። አዝማሪው ይጠይቃል፣ አስተርጓሚው ይሰማል። ነገሩ ሸተተኝ።

ተራችን ደረሰና አዝማሪው ባለቤቴ ፊት ቆመ። ባለቤቴ ስሙን ነገረው፣ አባቱን ነገረው፣ አገሩን ነገረው፤ በተወደሰ ቁጥር ደረቱ እያበጠ ሄደ። አዝማሪው፣ ወንድ ልጅስ አለዎት ጌታዬ፣ ስሙን ይንገሩኝና ላንሳልዎ አለው። ባለቤቴን አውቀዋለሁ። ልጄ ዱር ገባ ብሎ በየሰዉ ፊት ሊፎክርበት እያማረው፣ እየዋጠ የኖረ ሰው ነው። የዋጠው ሁሉ በጠጁ ላይ ወደ አፉ ሲመጣ አየሁት። እግሩን ረገጥኩት፤ አልሰማም። ልጄማ ብሎ ሲጀምር ቃሉን ካፉ ነጠቅኩት።

"ልጃችን ሞቷል" አልኩ። "አባይ በረሃ ወርዶ ወባ ገደለብን።"

አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ አደረገና ዜማውን ወደ እንጉርጉሮ ለወጠው። ሥራው ነውና ልጄን፣ በሕይወት ያለውን ልጄን፣ አለቀሰልኝ። ጠጪው ሁሉ ብርሌውን አስቀምጦ ተነሳ፤ ሴቶቹ አነቡ፤ አስተርጓሚው ሳይቀር ቆቡን አውልቆ እግዜር ያጥናችሁ አለ። ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። አንዲት ነጋዴ ሴት አቅፋኝ አልለቅ አለች፤ የደጀን ሰው ነኝ፣ ሴት ልጅሽን አውቃታለሁ፣ ወይኔ ወንድሟን አለችኝ። ይህችስ ምን ፈልጋ ነው እንዲህ የምታጠብቀኝ ብዬ እሷንም ጠረጠርኩ።

አቤት የኔ ነገር። ያን ሁሉ ሰው ጠርጥሬ ዋናውን አላሰብኩትም። በእኛ አገር የሞት ወሬ የሰማ ሰው ወሬውን ይዞ አይቀመጥም። ለሟች ዘመድ መርዶ ማድረስ ግዴታ ነው፤ ያውም በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ። ነጋዴይቱ በካሚዮን መጥታ በካሚዮን ተመለሰች። እኛ ባለ በቅሎ ነን።

ወደ ደጀን ስንወርድ ባለቤቴ አልዘፈነም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአፍሽ ገደልሽው አለኝ። የሚገድለውስ ያንተ ፉከራ ነው አልኩት። በልቤ ግን ቀሎኝ ነበር። ከእንግዲህ ልጅሽ የት አለ የሚለኝ የለም እያልኩ ነው የምሄደው፤ መንገዱም ማማሩ የታየኝ ያን ጊዜ ነው።

የልጄን ግቢ ገና ከሩቅ ሳየው ሰው ሞልቶታል። ዋይታ ይሰማል። ማን ሞተባት ብዬ ከበቅሎዋ ወርጄ ሮጥኩ። ልጄ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሰው መሀል ወጣችና አንገቴ ላይ ወደቀች። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ወንድሟ ነው።

"እማዬ፣ እውነት ነው?" አለችኝ።

ቀና ስል ባሏ በሩ ላይ ቆሟል። ጣልያን በሚያሠራው መንገድ የሠራተኛ አለቃ ሆኖ ገብቷል፤ ጫማ አድርጓል። ከጎኑ እንደሱ ጫማ ያደረጉ ሁለት ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ቆመዋል። ከጣልያኖቹ ዱቄት ይቀበላል፣ በቋንቋቸው ሰላም ይላል ሲባል ሰምቻለሁ። የሦስቱንም ፊት አየሁ።

"እውነት ነው ልጄ" አልኳት።

ከዚያማ የለቅሶውን ደንብ አንድም ሳላስቀር ተወጣሁት። ደረቴን መታሁ፣ ሙሾ አወረድኩ፣ መሬት ላይ ወደቅኩ። መጀመሪያ ለሰው ዓይን ነበር። ኋላ ግን ልጁ ዱር ውስጥ ምን እንደሚበላ፣ ዝናቡን የት እንደሚያሳልፍ ትዝ ሲለኝ እውነተኛው እንባ መጣና ማቆም አቃተኝ። ባለቤቴም አለቀሰ። እሱ ማስመሰል አይችልም፤ የሚያለቅሰው ለሴት ልጁ ነበር።

ሰው ጋብ ሲል በጓሮ በኩል ወስዶ ለመነኝ። ለሷ እንኳ እንንገራት፣ ልጅቷ እህል አልቀመሰችም አለኝ። ለሷ የተነገረ ለባሏ ተነገረ፣ አንድ ትራስ ነው ያላቸው አልኩት። ባሏ ምን አደረገን አለ። እስኪያደርገን ልጠብቅ ወይ አልኩት። ክፉ ነሽ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን አየት አድርጎኝ ወደ ልጁ ተመለሰ፣ አጠገቧ ተቀምጦ እህል ሊያጎርሳት ሞከረ።

ቁይ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር፤ ጭቃ ሹሙም ለቅሶ ደረሰን። ያን ቀን ፈገግ አላለም። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጄ ጠይቆኝ አያውቅም። ቤታችን አልተቃጠለም፣ በጎቻችን አልተነዱም፣ ባለቤቴ አልታሰረም። ልጄን ያዳነው ያ ለቅሶ ነው፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም።

ለአርባው ተዝካር ደግሞ ደጀን ተመለስን። የልጄ ባል ካሉት በሬዎች ደህናውን መርጦ አረደ። ካህናቱ በሕይወት ላለ ሰው ነፍሱን ይማር ሲሉ አምላኬ ሆይ አንተ ታውቃለህ እያልኩ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። በሬ አርዶ፣ ሰው አብልቶ፣ ሲላላክ የዋለውን አማቼን አይቼም፣ ይህ ሰው በቅጡ ለማያውቀው ልጅ ለምን ይህን ያህል ደከመ ነው ያልኩት። ልጄ ከሥጋው አልቀመሰችም። ክንዷ ቀጥኖ አምባሯ ሲወርድ ሲወጣ አየሁ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልሼ ዋጥኩት።

ጣልያን ሲወጣ ልጁ መጣ። ጠጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ከስቷል፣ ግን አንድ ነገሩ አልጎደለም። ደስታዬን ልናገረው አልችልም። ከዚያ አላረፍኩም፤ ይዤው ወደ ደጀን። ባለቤቴ አልሄድም አለ። ይህን አንቺው ጨርሽው አለኝ።

ልጄ ግቢዋ ውስጥ ገብስ ታሰጣ ነበር። ጥቁሯን ገና አላወለቀችም። ወንድሟን ስታይ አልጮኸችም። ቀረበችና ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፣ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ ከዚያ ደረቱ ላይ ተለጥፋ ብዙ ቆየች። እኔ ከጎን ቆሜ አልቅሼ ስጨርስ እልል ልል ነበር። ዘወር አለችብኝ።

"አንቺ ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

አዎ አልኳት።

"እኔን ጠርጥረሽኝ ነው?"

"አንቺንማ አይደለም" አልኩ፤ "ባልሽን ነው።"

"እሱን የመረጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ። እኔ መቼ አውቀው ነበር?"

እውነቷን ነው፤ ዘሩን አስጠንተን፣ ሽማግሌ ተቀብለን፣ ደህና ሰው ነው ብለን የሰጠናት እኛ ነን። በኋላም ቢሆን ክፉ ሥራ አልተገኘበትም፤ እንጀራውን የሚፈልግ ሰው ነበር። ቢሆንም ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ፣ እነዚያ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ቢያዩኝ፣ ያንኑ ነው የምላት። ይህን ለራሷም ነግሬያታለሁ። ሰማሁ አለችኝ።

አልተጣላንም። ለዓመት በዓል ትመጣለች፣ እግሬን ታጥበኛለች፣ ከአባቷ ጋር ትዘፍናለች። በቀደም ቁይ ገበያ ቅቤ ስመርጥ አንዲት የማላውቃት ሴት እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። በምኑ ብላት፣ ልጅሽ እርጉዝ ናት እኮ አለች። ለዚያ ፅንስ ስንት ስለት ገብቼ ነበር። ልጄ ከገበያው በፊት ባለው እሑድ ከኔ ጋር ነበረች፤ ጋቢዋን ሰፋ አድርጋ ለብሳ፣ አብራኝ በልታ፣ አብራኝ ስቃ ሄዳለች። ለሴትዮዋ፣ አዎ አውቃለሁ አልኳት።