ጅራቱ ይጁቤ የቀረ ልብ ወለድ

ባሌ የሞተው አንድ የማይረባ ልብ ወለድ እኩሌታውን አንብቦ ነው። የማይረባ የምለው ሐዘን አስመርሮኝ አይደለም፤ እሱም በሕይወት ሳለ ነግሬዋለሁ።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ አንድ መጽሐፍ አከራይ ነበር። ሱቁ ከቁም ሣጥን አይሰፋም። ይህ ሰው ወፍራም መጽሐፍ እጁ ሲገባ በቢላ ለሁለት ይቆርጠዋል፤ ሁለቱንም ክፍል በወስፌ ወግቶ በሲባጎ ይሰፋና የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ያለብሳቸዋል። እንዲህ አድርጎ አንዱን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው ያከራያል። የፊተኛውን ክፍል ራስ፣ የኋለኛውን ጅራት ይለዋል። ደንበኛውም ለምዶት፣ “ራሱ ገብቷል?”፣ “ጅራቱ መቼ ይመለሳል?” እያለ ይጠይቃል። ከውጭ ለሚሰማ የበግ ገበያ እንጂ የመጽሐፍ ቤት አይመስልም። ሰውየው ራሱ አንድ ገጽ ሲያነብ አይቼው አላውቅም፤ ግን አልተሳሳተም እላለሁ። ከሚያከራያቸው ውስጥ አብዛኞቹ ወገባቸው ላይ ቢቆረጡ የሚጎድልባቸው ነገር የለም።

ባሌ የሳይንስ መምህር ነበር። በልጅነቱ ግን መርጡለ ማርያም ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደግሟል፤ ከዚያ የተነሣ በልቡ ማንበብ አያውቅበትም። ጋዜጣም ይሁን የመድኃኒት ወረቀት፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ወገቡን ትንሽ ትንሽ እያወዛወዘ፣ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። ከአከራዩ በሚያመጣው ልብ ወለድ ያሉት ሽጉጡም፣ ሰላዩም፣ ከንፈሯን የተቀባችውም ሴት እንደ ዳዊት በቁም ንባብ ይወርዳሉ። እኔ ምስር እየለቀምሁ እሰማለሁ። መስማት ስል መተቸት ማለቴ ነው።

ጡረታ እስክወጣ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርሁ፤ ስንቱን የነፍስ ግድያ መዝገብ በእነዚህ ጣቶች መትቻለሁ። እኛ አገር ሰው የሚገደለው በድንበር ነው፣ በከብት ነው፣ ጠላ ቤት በወጣ ክፉ ቃል ነው። ገዳዩም ብዙ ጊዜ አይደበቅም። ችሎት ቆሞ “አዎ፣ ገድየዋለሁ” ይልና ሟቹ ምን ብሎ እንደሰደበው ያስረዳል። በልብ ወለዶቹ ግን ገዳይ ሁሉ ጓንት ያጠልቃል። መርማሪ ሁሉ ካፖርት ለብሶ ዝናብ ላይ ያጨሳል፤ አንዲት የፀጉር ክር ከምንጣፍ ላይ አንሥቶ የባለቤቷን የሕይወት ታሪክ ይተርካል። ሴት ከበር ስትገባ ደራሲው ከወገቧ ይጀምራል፤ ስሟ ትዝ የሚለው ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል ነው።

“አንቺ ሴትዮ፣ ዳኛ ሳትሆኚ ቀረሽ” ይለኝ ነበር።

“ብሆን ኖሮ መጀመሪያ የማስረው ደራሲውን ነው።”

“ስንት ዓመት ትፈርጂበታለሽ?”

“ሁለተኛ ላይጽፍ ዋስ እስኪጠራ።”

እውነተኛ ታሪክ የሚባሉትም አይሻሉም። በእነዚያ ዓመታት፣ በወደቀው መንግሥት ሥልጣን ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ትዝታውን አሳተመ። ሁሉም ስብሰባው ላይ ነበሩ፤ ሁሉም በልባቸው ተቃውመዋል፤ ውሳኔው የተፈረመ ዕለት ግን ሁሉንም ራስ ምታት ይዟቸው ቀድመው ወጥተዋል። ባሌ አንዱን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣

“ታዲያ ያን ሁሉ ያደረገው ማን ነው?” አለኝ።

“ሻይ የምታቀርበው ሴት ትሆናለች። እሷ ገና አልጻፈችም” አልሁት።

የመጨረሻውን መጽሐፍ የተከራየው ልቡን ታሞ ከቤት ከዋለ በኋላ ነው። ታሪኩ፣ አንድ ሀብታም ነጋዴ አልጋው ላይ ሞቶ ይገኛል፤ የገደለው አይታወቅም። ባሌ ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሾፌሩ ነው አለ። እኔ የሟቹ ወንድም ነው አልሁ፤ በመታኋቸው መዝገቦች ውርስ ካለ ወንድም አይጠፋም። ተወራረድን። የተረታ የሚቀጥለውን መጽሐፍ አንዲት ቃል ሳይተች ይሰማል ተባባልን። ውርርዱ ለእኔ እንጂ ለእሱ እንዳልከበደ ግልጽ ነው፤ እሱ መቼ ተችቶ ያውቃል።

ራሱ አለቀ። ጅራቱ ግን ወጥቷል። ይጁቤ የምትሠራ አንዲት ነርስ ይዛው ሄዳለች፤ ክረምቱ መንገዱን ስላበላሸው ለጊዜው ወደ ማርቆስ አትመጣም። እስክትመጣ ባሌ ደከመ። ወደ መጨረሻው ስለ መድኃኒቱ መጠየቅ ተወ፤ ስለ ጅራቱ ግን ይጠይቃል። አልመጣም ስለው፣ “ሾፌሩ ነው፣ ታያለሽ” ይለኛል። ሳያይ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ። ማን እንደረታ ማወቅ። ሌላው የሚፈለግ ሁሉ እንደማይገኝ ዐውቃለሁ፤ ይህ ግን ተጽፎ፣ ተሰፍቶ፣ ይጁቤ ተቀምጧል።

ሰው ግን ሌላ መጽሐፍ አመጣልኝ። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የባሌ ባልደረባ፣ ደግ ልጅ ነው፣ ሐዘንን ስለማሸነፍ የተተረጎመ መጽሐፍ ሰጠኝ። ሐዘን ደረጃ አለው ይላል፣ እንደ መንግሥት ደመወዝ። ብቸኝነትን ሽሽ፣ የሚያዳምጥህ ሰው ፈልግ ይላል፤ ይህን የማነበው ቤቱን ሞልተው ከተቀመጡ ለቀስተኞች መሐል ነው፤ መተንፈሻ እንኳ የለኝም። ባሕር ዳርቻ ወርደህ በእግርህ ተንሸራሸር ይላል። የእኛ ባሕር ከደጀን ቁልቁል ዓባይ ነው፤ እዚያ ዳርቻ ልንሸራሸር ብሎ የሚወርድ ሐዘንተኛ ካለ ዘመዶቹ ገመድ ይዘው ይከተሉታል። ከዚያ ሁሉ በላይ ከዳር እስከ ዳር “አንተ” ነው የሚለኝ። ሚስትህ የወደደችውን ዘፈን አዳምጥ አለኝ። ሚስቴ አልሞተችም።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ መናኸሪያ ወረድሁ። ሐዘንተኛ ሴት ዳዊት ብትይዝ ያምርባታል፤ ልብ ወለድ ስትከራይ ከታየች ግን ወሬው ቀድሟት ቤቷ ይገባል። አከራዩ ሲያየኝ ከዱካ መቀመጫው ተነሣ።

“እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎ።”

“አሜን። ጅራቱ ገብቷል?”

“የምኑ ጅራት፣ እትዬ?”

“የነጋዴው።”

ጎንበስ ብሎ ፈለገና አገኘው፤ ግን አልሰጠኝም። “ገብቷል። ግን እርስዎ... ሰው ምን ይላል?”

“ሰው የሚለውን ኋላ እንሰማለን። አምጣው።”

እንደ ሥጋ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ቤት ዋርሳዬ፣ የባሌ ታላቅ እህት፣ አለች። ከመርጡለ ማርያም ለቅሶ መጥታ አብራኝ ሰንብታለች፤ ፊደል አልቆጠረችም። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ በልቤ ላነብ ሞከርሁ። አልሆነልኝም። ያን መጽሐፍ በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አላውቀውም። ስለዚህ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ እንደ እሱ ጮክ ብዬ ጀመርሁ። እሷ ነጠላዋን አስተካከለች። አንዱን ምዕራፍ ስጨርስ፣

“ወንድሜም እንዲህ ነበር የሚደግመው። የማን ገድል ነው?” አለችኝ።

“የአንድ ሟች ታሪክ ነው” አልኋት። አልዋሸሁም።

መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ ሳመችው፣ ግንባሯንም አስነካችው። የሲሚንቶው ብናኝ አፍንጫዋ ላይ ቀረ። ልንገራት ብዬ ተውሁት።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ እየተቀመጥን ቀጠልን። መጽሐፉ እየባሰበት ሄደ። መርማሪው ከሟቹ ልጅ ጋር ፍቅር ያዘው፤ አስከሬኑ ገና ቤት ሳለ ሁለቱ ጨረቃ ያያሉ። እኔ ምላሴን ነክሼ አነባለሁ። እሷ የገባት የገባትን ይዛ ትከተላለች። አንድ ቀን ሾፌሩ ቁልፍ እያቃጨለ ሲገባ ባነብላት፣ “የዚህ ሰውዬ ልብ ንጹሕ አይደለም” አለች። የእነሱ ቤት ሰው ሾፌር አያምንም።

መጨረሻው ገጽ ደረስን። ወንድምየው ተጠርጥሯል፣ ሾፌሩ ተጠርጥሯል፣ ደራሲው ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቧል። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ነጋዴው አልጋው ላይ ነቃ። ለካ ሁሉም ሕልም ኖሯል። ፊቱን ታጥቦ ቁርስ አስቀረበ።

ያን ሁሉ ወረቀት ፈጅቶ ገዳዩን ማግኘት ሲያቅተው ሟቹን አስነሣው። እንዲህ የቀለለ ነገር ነው እንግዲህ። እኛ አላወቅንበትም ነበር።

“ምነው ዝም አልሽ? ምን ይላል?” አለች ዋርሳዬ።

“ሟቹ ተነሣ ይላል።”

አማተበች። “ተመስገን” አለች፤ ቆይታም፣ “እስቲ እሱን ቦታ ድገሚልኝ።”

ደገምሁላት። ነቃ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ቁርስ አቅርቡልኝ አለ። በቁም ንባብ።

በማግሥቱ መጽሐፉን ልመልስ ሄድሁ። አከራዩ ስፌቱን አገላብጦ አየና፣

“ኋላ ደንበኛ ይጠይቀኛል፣ እትዬ፣ ገዳዩ ማን ሆነ?” አለኝ።

“ሾፌሩ” አልሁት።

ከዚያ የሌላ መጽሐፍ ራስ ተከራይቼ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ የተረታሁት እኔ ነኝና። ከዚህ ቀደም ከሰማኋቸው ሁሉ የባሰ ነው። ጮክ ብዬ አነበብሁት። አንዲት ቃል አልተቸሁም።